ሞተሩ እምቢ ያለ ለት

አደይ አበባ የደጋው ምልክት ናት። እኛ በመተማ ቆላ፣ ኮኪት ላይ፣ የመስከረምን መጥባት የምናውቀው በጆሮ ነው። ጎህ ሲቀድ ከአንዱ ግቢ «ክርርር… ፍስስ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ጥቂት ቆይቶ የጎረቤት ግቢ ይመልስለታል፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ሠፈሩ በሙሉ በአንድ እግሩ ቆሞ እየረገጠ ነው። ከሰኔ ጀምሮ የከረሙት ሞተሮች የሚፈለጉበት ሰሞን መጥቷል። ሞተሮቹ ግን አልሰሙም።

የደጋ ሰው «ሞተር ምን ሆና ነው ክረምቱን የምትቆመው?» ብሎ ይጠይቃል። አስፋልቱን አይቶ ነው። ከጎንደር በገንዳ ውኃ አድርጎ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርደው መንገድ ኮኪትን ስለሚያቋርጥ፣ በእሱ ላይ ብቻ ለሚመላለስ ሰው በጋና ክረምት ልዩነታቸው የልብስ ነው። እርሻው ግን አስፋልት ዳር አልተቀመጠም። ከመንገዱ ወረድ ብሎ ወደ ሰሊጡና ወደ ማሽላው ማሳ ሲገባ ዋልካው ይቀበላል። ጥቁሩ አፈር በጋ ላይ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ አለው፤ ዝናብ ሲያገኘው ደግሞ የነካውን ሁሉ ይዞ አይለቅም። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ይጠቀጠቅና ጎማው መዞር ያቆማል። ያኔ ሰውየው መንዳቱን ትቶ መጎተት ይጀምራል፤ ትንሽ ቆይቶ መጎተቱንም ትቶ ጫማውን ከጭቃ ለማውጣት ይታገላል። ስለዚህ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ትራክተር ይነግሣል፣ ሞተር ቤት ይገባል።

በዚህ የሚያፍር ካለ ምስክር እጠራለታለሁ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 ክረምት እዚሁ ከሱዳን ድንበር ማዶ፣ ሶፊ በምትባል መንደር፣ ዝናቡን ቁጭ ብሎ አሳልፏል። መንደሯ የነበረችው በአትባራ ዳር ነው፤ አትባራ ደግሞ ወደ ላይ ሲከተሉት የእኛው ጓንግ ነው። የአካባቢው ዐረቦች ዝናቡ ሳይጠና ግመሎቻቸውን ከጭቃውና ከዝንቡ አሽሽተው ወደ ሰሜን ይነዱ እንደነበር ጽፏል። ግመል የሸሸውን መሬት ሞተር ቢሸሸው ነውር የለበትም። ግመሉ ግን ክረምቱን የሚያሳልፈው እየሄደና እየበላ ነው። የእኛዋ ሞተር የምትከርመው ብርድ ልብስ ለብሳ ነው።

አላጋነንኩም። ባለሞተሩ ሞተሩን የሚያከርምበት ሥርዓት አንጀት ይበላል። በመጀመሪያ ያጥባታል፤ ዓመቱን ሙሉ በአቧራ የሄደችው በዚያች ቀን ብቻ ታበራለች። ከዚያ እህል ከሚቀመጥበት ክፍል ጥግ ያስገባታል። በላስቲክ ይጠቀልላታል፤ በላስቲኩ ላይ ብርድ ልብስ፣ በብርድ ልብሱ ላይ ሸራ ይደርባል። ሙቀቱ በበጋ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር ሦስት ልብስ ደርቦ የሚተኛ ሌላ ፍጥረት አላየሁም። እርጥብ ሆና ነው የተጠቀለለችው፤ ላስቲኩ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል፤ ዝገቱ ያለ ሥጋት ሥራውን ይጀምራል። ጆንያ ባለበት ክፍል አይጥ አለ፤ አይጧም ብርድ ልብሱን ስታገኝ ለእሷ የተዘጋጀ መሆኑን ወዲያው ትረዳለች። ልጆቿን አየር ማጣሪያው ውስጥ ትወልዳለች፣ ጥርሷን የመብራት ሽቦው ላይ ትስላለች። ጭቃ ሠሪዋ ተርብ ደግሞ የማርሚታውን ቀዳዳ ታያለች። ባለቤቱ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ በሩን ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ አስሯል።

ሐምሌ ላይ ጎረቤት ይመጣል። «ጋሼ፣ እስከ ገንዳ ውኃ ደርሼ ልመለስ፤ በአስፋልቱ ነው የምሄደው።»

«ቆማለች እኮ!» ይላል ባለሞተሩ፣ በሐዘን አንገቱን ሰበር አድርጎ። ቆማለች ማለት ታማለች ማለትም፣ ጾም ላይ ናት ማለትም ይሆናል፤ ዝርዝር አይጠየቅም። ጎረቤቱ በመኪና ተሳፍሮ ይሄዳል። ያቺ ሞተር በየሳምንቱ እስከ ገንዳ ውኃ ደርሳ ብትመለስ ኖሮ ለመስከረም የሚያሰጋት ነገር አልነበረም። ከንጋት እስከ ማታ ሰው ሲያመላልሱ የሚውሉት፣ መቀመጫቸው የተቀደደ፣ መስታወታቸው የወለቀ ሞተሮች መስከረም ላይ እንደ ሰኔው በአንድ ርግጫ ይነሣሉ። የሚታመሙት የተከበሩት ናቸው።

ውስጥ የሚሆነውን እንይ፤ ነገሩ ከሚወራው ይልቅ ቀላል ነው። ቤንዚን ብዙ ፈሳሾች የተደባለቁበት ነገር ነው፤ ቶሎ የሚተኑ አሉ፣ ቀስ ብለው የሚተኑ አሉ። ቀዝቃዛ ሞተር የሚያስነሡት ቶሎ የሚተኑት ሲሆኑ ቀድመው የሚጠፉትም እነሱው ናቸው። በካርቡራቶሩ ሥር ባለችው ትንሽ ዕቃ ውስጥ ጥቂት ማንኪያ ቤንዚን ይቀራል። ይህ ቤንዚን በቆላው ሙቀት ሳምንት በሳምንት ይጎድላል፤ የተረፈው አየር እየነካው ይበላሽና ቡናማ ሙጫ ይሆናል። ዕጣን ከሚያደማ አገር ለመጣ ሰው ሙጫ ሲደርቅ ምን እንደሚመስል ማስረዳት አያስፈልግም። ሞተሩ ሲነሣና ቆሞ ሲያጉረመርም ቤንዚኑ የሚያልፍባት ቀዳዳ ደግሞ ከግማሽ ሚሊሜትር ትጠባለች። ለመደፈን ብዙ አይፈጅባትም። ከዚያ በኋላ ሳልባትዮው እስከ አፉ ቢሞላ፣ ባለቤቱ እስከ ጥምቀት ቢረግጥ፣ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ብቻ ነው።

ባትሪውም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። የእርሳስ ባትሪ ማንም ሳይነካው በራሱ ይደክማል፤ ሙቀት ሲሆን ድካሙ ይፈጥናል። ባዶ ሆኖ በቆየ ቁጥር ሳህኖቹ ላይ ነጭ ነገር ይጋገርበትና ኋላ ቻርጅ ቢደረግ እንኳ የድሮ ጉልበቱን አያገኝም። 12 ቮልት ተብሎ የሚሸጠው ባትሪ ጤነኛና ሙሉ ሲሆን 12.6 አካባቢ ያሳያል፤ ከዚያ በታች ወርዶ ወራት የቆየ መስከረም ላይ «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። ሳልባትዮውስ? ግማሽ ሆኖ የከረመ እንደሆነ ባዶው ግማሽ እርጥብ አየር ነው፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ አየሩ ላብ ያወጣል፤ ላቡ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይጠራቀማል። ሞተሩ የሚጠጣው ደግሞ ከታች ነው።

በዚህ መሐል «እኔስ ዝም ብዬ አላቆምኩም» የሚል ጠንቃቃ ሰው አለ። በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሸራውን ይገልጣል፣ ሞተሩን ያስነሣል፣ አባት ልጁ ሲያነብ በሚሰማበት ፊት ድምፁን ለጥቂት ደቂቃ ያዳምጥና ያጠፋል። ሰፈርተኛው ያደንቀዋል። ቁም ነገሩ ግን ቁልፉ ሲዞር ከባትሪው የወጣው ኃይል በዚያች ደቂቃ ውስጥ አይመለስም። ሞተሩም ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ከቃጠሎው የሚወጣው ውኃ ማርሚታውና ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ጠንቃቃው ሰው በየእሑዱ ባትሪውን ትንሽ ትንሽ እየገደለ፣ ማርሚታውን ትንሽ ትንሽ እያዛገ ለመስከረም ይደርሳል። መልካም ሥራው ከሌሎቹ ስንፍና በአንድ ነገር ብቻ ይለያል፤ ደክሞበታል።

እንግዲህ ቀኑ ደረሰ። ሰሊጡ እየደረሰ ነው፣ ሰሊጥ ደግሞ ቀጠሮ አያራዝምም፤ ቀኑ ካለፈ ቅርፊቱ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። አጫጆቹ ከደጋ ወርደው በየራኩባው ሥር ተቀምጠዋል፤ ዋጋ እየተጠየቀ፣ እየተጨመረ ነው። ባለሞተሩ ማሳውን አይቶ መመለስ አለበት። ሸራውን ገለጠ፣ ብርድ ልብሱን አነሣ፣ ላስቲኩን ፈታ፣ አይጧን አባረረ፣ ቁልፉን አዞረ። ጠቅ። መርገጥ ጀመረ።

አምስት ጊዜ የረገጠ ሰው ቆም ብሎ ማሰብ ይችላል። ሃያ ጊዜ የረገጠ ግን ማሰብ አይሆንለትም፤ እልህ ገብቶታል። ቾኩን ይስባል፣ ይመልሳል፣ እንደገና ይስባል፣ እጁ ላይ ያለውን ነዳጅ መስጫ እስከ መጨረሻው ይጠመዝዛል። ቀዳዳዋ ጨርሳ ያልተደፈነች ከሆነ ይህ ሁሉ ያልነደደ ቤንዚን ወደ ውስጥ ያስገባና ካንዴላውን ያረጥባል። የረጠበ ካንዴላ እሳት አይጭርም። ስለዚህ ሊነሣ ትንሽ የቀረው ሞተር በእርግጫ ብዛት ጭራሽ የማይነሣ ይሆናል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፣ ቁርጭምጭሚቱን መርገጫው ተመልሶ መትቶታል። ይህን ጊዜ ሰው መሰብሰብ ይጀምራል።

ለቅሶ የመጣ ይመስል አንድ በአንድ ይገባሉ፤ ቆመው ያያሉ፣ ከንፈር ይመጣሉ፣ ከዚያ ድንጋይ ስበው ይቀመጣሉ። የእኔ ትዝብት ከዚህ ይጀምራል። ከተሰበሰበው ሰው ማንም ያቺን ሞተር አያይም፤ እያንዳንዱ የሚያየው እሱን አንድ ቀን መንገድ ላይ ያስቀረችውን ሞተር ነው። የባጃጁ ልጅ ዐምና ባትሪ ገዝቷል፤ «ባትሪ ነው፣ ሌላ አትድከሙ» ይላል። የትራክተሩ ሾፌር ከመቀመጫው ሳይነሣ «አየር ስቦ ነው፤ አየሩን ማስወጣት ነው» ብሎ ይፈርዳል። አየር መሳብ የናፍጣ ሞተር ሕመም ነው፤ የቤንዚን ሞተር እንዲህ ያለ አየር የሚያስወጡበት ቡሎን እንኳ የለውም። ይህን የሚነግረው ግን የለም፤ ትራክተር የሚነዳን ሰው ስለ ሞተር ማረም ለሚቀጥለው እርሻ ጥሩ አይደለም። አስተማሪው «መጀመሪያ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ ነዳጅ፣ አየርና እሳት» ይላል፤ ትክክል ነው፣ ነገር ግን ሦስቱን ከተናገረ በኋላ አንዱንም አይፈልግም፣ ቡናውን ይፈልጋል። ከማዶ የመጣው ነጋዴ የሁሉም ጥፋት ቤንዚኑ መሆኑን በግማሽ ዐረብኛ ያስረዳል። ጥግ ላይ የተቀመጡት እናት ግን ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «ዓይን ነው ልጄ፤ ሰኔ ላይ ስታጥባት ያየህ ሰው አለ» አሉ። እውነት ለመናገር ከተሰጡት አስተያየቶች ሁሉ የችግሩን መነሻ ቀን በትክክል የተናገሩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከምርመራው በኋላ ሕክምናው ይመጣል። እዚህ ላይ አንድ የማይታበል ሕግ አለ፤ በመጀመሪያ የሚደረገው ብዙ ሰው የሚያሳትፈው ነገር ነው። ካንዴላ መፍታት አንድ ሰውና አንድ መፍቻ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ይቆይ። መግፋት ግን አምስት ሰው ያሠራል፣ ይጮኻል፣ ይታያል። ስለዚህ እንግፋ። ባለሞተሩ ይቀመጣል፣ ፍሪሲዮኑን ይይዛል፣ ማርሹን አንድ ላይ ያስገባል። ሁለት ላይ ማስገባት ነበረበት፤ አንደኛ ማርሽ ሲለቀቅ የኋላ ጎማውን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ጎማው ገና ባልደረቀው ዋልካ ላይ ሳይዞር ይንሸራተታል፣ ገፊዎቹ ከኋላ ፊታቸው ጭቃ ይሆናል፣ ሞተሩ አንድ ጊዜ «ድፍ» ይላል። ያቺ «ድፍ» ትልቅ ጥፋት ሠራች። ተስፋ ሰጠቻቸው። ከዚያ በኋላ መንገዱን ይዘው እስከ አስፋልቱ፣ ከአስፋልቱ እስከ ገበያው ገፏት፤ በመንገድ ላይ ያገኙት ሁሉ አስተያየቱን እየሰጠ ተቀላቀለ።

ሲመለሱ ካቻቢቴና ፒንሳ ተፈለገ። መሣሪያ የያዘ እጅ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ቀላሉ አለቀና ወደ ከባዱ ተሸጋገሩ። ሁለቱ የሞተሩን ጎን እንክፈት ሲሉ ሌላው ጎንደር ደውሎ የዕቃ ዋጋ ይጠይቃል። የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አልታወቀም፤ ዋጋው ግን ከወዲሁ ይታወቅ። ጎንደር ከዚህ ከ150 ኪሎሜትር በላይ ነው፤ መንገዱ ሰላም በማይሆንበት ሰሞን ደግሞ ርቀቱ በኪሎሜትር አይለካም። የታዘዘ ዕቃ ሲደርስ ያልተበላሸው ተቀይሮ የተበላሸው በቦታው የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

መለዋወጫ ያጣ ተሽከርካሪ ለመተማ አዲስ እንግዳ አይደለም፤ ከእኛ የሚበልጡም እዚሁ ቆመዋል። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ልክ ክረምቱ እንዳበቃ፣ በኋላ ፊልድ ማርሻል የሆነው እንግሊዛዊው ዊሊያም ስሊም ከድንበሩ ማዶ ያለችውን ጋላባትንና መተማን ከጣሊያን ለማስለቀቅ ጦሩን አዘመተ። 12 ታንክ ነበረው። ጋላባትን ያዘ። ታንኮቹ ግን በፈንጂና በድንጋይ ሰንሰለታቸው እየተበጠሰ አብዛኞቹ እዚያው ቀሩ። ይባስ ብሎ መለዋወጫ የጫነችውን መኪና የጣሊያን አውሮፕላን ደብድቦ አቃጠላት። መተማ በእጁ ሳትገባ ተመለሰ። ስሊም ይህን ሽንፈት ኋላ በጻፈው መጽሐፍ ራሱን ሳይሸሽግ ተርኮታል። የኮኪት ባለሞተር እንዲህ ያለ ልማድ የለውም፤ እሱ ሲተርክ ጥፋቱ ሁልጊዜ የሻጩ ነው።

ሻጩንም ጨርሰን ነጻ አናውጣው። ማደያ ሰልፍ ሲበዛ ወይም ቤንዚን ሲጠፋ መንገድ ዳር በሃይላንድ የተሞላ ቤንዚን ይደረደራል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የነዳጅ አዋጅ ከማደያ ውጭ መሸጥን በብርቱ ይከለክላል፤ ሃይላንዱ ግን አዋጅ አያነብም። ፀሐይ ላይ ቀኑን ሙሉ የተቀቀለ ቤንዚን ቶሎ የሚተነው ግማሹ ቀድሞ ሄዷል፤ በዚያ ላይ ላምባ ወይም ውኃ ከተጨመረበት ደግሞ ነገሩ ለሞተርም ለፋኖስም የማይሆን ሦስተኛ ነገር ነው። ባለሞተራችን ሰኔ ላይ ይህን ቀድቶባት አቁሟታል፤ መስከረም ላይ ሳትነሣ ስትቀር ደግሞ ከዚያው ጨመረላት። በጠራ ጠርሙስ ትንሽ ቀድቶ ጥላ ሥር ቢያስቀምጠው ውኃው ከታች ተለይቶ ይታየው ነበር። ጠርሙሱ ግን ቡና እየተጠጣበት ካለው ራኩባ ተነሥቶ መሄድን ይጠይቃል።

ሞተር የሚቆመው በዝናብ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ በትእዛዝም ይቆማል። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ከልዩ ፈቃድ በቀር ሞተር ሳይክል በከተማው እንዳይንቀሳቀስ አግዳለች። በእኛም በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአንዳንድ ከተሞች ባጃጅና ሞተር እየታገዱ እየተፈቀዱ ከርመዋል። ዝናብ ቢያንስ ሰኔ ላይ እንደሚመጣ ይታወቃል፣ ሰውም ይዘጋጅበታል ይባላል። እገዳ ግን ማታ ተነግሮ ጠዋት ይጸናልና ማንም ካርቡራቶሩን ባዶ ለማድረግ ጊዜ አላገኘም። ለዚህኛው ባለሞተሩን አልወቅስም።

ለክረምቱ ግን እወቅሰዋለሁ፤ ምክንያቱም መልሱ ቤቱ አለ። ሞተሯን ሲገዛ አብሮ የተሰጠው መጽሐፍ መቀመጫው ሥር፣ ከፕላስቲክ ከረጢቱ ሳይወጣ ተቀምጧል። ቦክሰር የተባለችውን የእኛን ሞተር የሚሠራው የባጃጅ ኩባንያ መቀመጫው ሕንድ፣ ፑኔ ከተማ ነው። ፑኔ ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ከእኛው ጋር በአንድ ወቅት የሚወርድ ነው፤ ሰዎቹ ክረምትን ከእኛ ያላነሰ ያውቁታል። የሞተር መጽሐፍ ደግሞ ረጅም ጊዜ ስለሚቆም ሞተር የሚናገር ክፍል አያጣም። የሚለውም ያን ያህል አይረቅም። ቤንዚኑን ሙሉ ወይም ጨርሶ ባዶ አድርግ። ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለውን አፍስስ። ባትሪውን አውጥተህ ደረቅ ቦታ አስቀምጥ፣ በየወሩ ቻርጅ አድርገው። አየር በሚያስገባ ነገር ሸፍን። ካርቡራቶሩን ባዶ ማድረግ ነዳጅ መዝጊያውን ዘግቶ ሞተሩ ጨርሶ እስኪጠፋ ማስጮህ ብቻ ነው፤ አንድ ስኒ ቡና እስኪቀዳ ያልቃል። ነገር ግን ይህ ሥራ የሚሠራው ሰኔ ላይ፣ ሞተሯ ደኅና ስትሆን ነው። ደኅና ሞተር የሚያክም ሰው ደግሞ ተመልካች የለውም፣ ማንም ድንጋይ ስቦ አይቀመጥለትም፣ ቡና አይፈላለትም።

ወደ ግቢው እንመለስ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ መካኒኩ ልጅ ተጠራ። መጀመሪያ ያልተጠራው ስለሚያስከፍል ነው። መጣ፣ ማንንም ሳይጠይቅ እጀታው ላይ ያለችውን ቀይ ማጥፊያ አየ፤ ጠፍታለች። ልጆች ሲጫወቱ ነክተዋታል ወይም አይጧ። አበራት። አጎንብሶ ነዳጅ መዝጊያውን ዳሰሰ፤ ዝግ ነው። ሰኔ ላይ በጥንቃቄ የተዘጋ ነበር፤ ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ ይከፈት ብሎ ያሰበ የለም። ግማሽ ቀን ሙሉ የተገፋችው ሞተር ተዘግታ ነው የተገፋችው። ግቢው ውስጥ ጸጥታ ሆነ።

ልጁ ግን ምንም አላለም፤ ሥራውን ቀጠለ። ካንዴላውን ፈትቶ አየው፤ ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም፣ እርጥብ ከሆነ እሳት የለም ማለት ነው፤ ይህች ሁለት ቃል ከጠዋት ጀምሮ የተሰበሰበውን ሸንጎ ሥራ ታስቀር ነበር። ደረቅ ነው። ከካርቡራቶሩ ሥር ያለችውን ቡሎን ፈትቶ የተቆረጠ ሃይላንድ ደቀነባት፤ ሻይ የመሰለ፣ የሚከረፋ ነገር ወጣ። ቀዳዳዋን በአንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ጠራርጎ በአፉ ነፋባት። ማርሚታውን በእንጨት ኮረኮረ። ሳልባትዮው ውስጥ ያለውን ቀድቶ አዲስ ቤንዚን ጨመረ፣ መዝጊያውን ከፈተ፣ ቾኩን ሳበ፣ ካንዴላውን መልሶ ረገጠ። ሞተሯ ሁለት ጊዜ ሳለች፤ በሦስተኛው ተንተፋተፈች፣ ከማርሚታው የተርብ ጭቃ ተስፈንጥሮ የትራክተሩን ሾፌር ሱሪ መታው፣ ጭሱ ግቢውን ሞላው። ተነሣች።

ክፍያው ላይ ችግር ተፈጠረ። «ለዚህች? ለመክፈትና ለመዝጋት?» አለ ባለሞተሩ። ልጁ ቀኑን ሙሉ ቢደክም፣ ሞተሩን በታትኖ መሬት ላይ ቢዘረጋ፣ ዘይት በዘይት ቢሆን፣ ማታ ላይ «ጎንደር ካልሄደ አይሆንም» ቢል ያለ ክርክር ይከፈለው ነበር። ጥፋቱ ቶሎ ማዳኑ ነው። አስተማሪው በመሐል ገብቶ ዋጋውን በግማሽ አስማማ፤ ለማስማማቱም ቡና ተቀዳለት።

ሸንጎው ሲበተን ሁሉም ያሸነፈ መሆኑ ታወቀ። የባጃጁ ልጅ «ባትሪ ብዬ ነበር፤ ይኸው በቁልፍ አልነሣችም፣ በእርግጫ ነው የተነሣችው» አለ። ነጋዴው ስለ ቤንዚኑ ያለውን አስታወሰ። ጥግ ላይ ያሉት እናት ጭሱን እያዩ «ይኸው ወጣላት» አሉ። የትራክተሩ ሾፌር ሱሪውን እያራገፈ ወደ መካኒኩ ዞረ። «ስትነሣ ስትንተፋተፍ አልሰማህም? አየሩ ነው የወጣው። ከጠዋት ጀምሮ አየር ነው አላልኩም?»

«ልክ ኖት ጋሼ፤ አየር ነበረ» አለው ልጁ፣ ብሩን ቆጥሮ ወደ ኪሱ እያስገባ። የትራክተሩ ሾፌርም ቤቱ ውስጥ ከሰኔ ጀምሮ በላስቲክ የተጠቀለለች ሞተር አለችው።